ሁለት ፍሬን ያላት መኪና

ጋሽ ቀስ ባገባ በሁለተኛው ወር፣ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ያለው የወለል ፕላስቲክ አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሳሳት ጀመረ። ቦታው የአንድ ቀኝ ጫማ ያህል ነው። ሚስቱ አይጥ መሰላትና ወጥመድ አጠመደች። ወጥመዱ የባሏን የእግር አውራ ጣት ሲይዝ ነው ነገሩ የተገለጠላት።

እሷ ትኩስ ሾርባ ይዛ ከማድ ቤት ስትሮጥ፣ ሰውየው ሳያስበው ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ይረግጣል። ቁም ሳጥኑን በጉልበቷ ገጭታ ስትዘጋ ይረግጣል። በርጩማ ላይ በርጩማ ደርባ መጋረጃ ስትሰቅልማ፣ ሁለቱንም እግሩን ረግጦ ዓይኑን ይጨፍናል።

“ምን ሆነህ ነው አንተ ሰውዬ?” አለችው፣ ጣቱን ከወጥመዱ እያላቀቀች።

“እኔ እኮ…”

“ልማድ ነው ልትለኝ ነው። አውቃለሁ። በል ሾርባህን ጠጣ።”

እውነትም ልማድ ነበር። ሰውየው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ነው። የማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዷ በነጂው እግር ሥር፣ ሌላዋ በአስተማሪው እግር ሥር። ተማሪው ሲደናበር አስተማሪው የራሱን ይረግጥና መኪናዋን ያቆማታል። ያን ሁሉ ዓመት ሲረግጥ የኖረ እግር ደግሞ ቤት ገባሁ ብሎ አርፎ አይቀመጥም። “ጋሽ ቀስ” ብለው ስም ያወጡለትም ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከአፉ የሚወጣው “ቀስ… ቀስ ይበሉ” ብቻ ስለሆነ። ለትዳርም ቀስ ብሎ ነው የደረሰው። ግራ ቀኙን ሲያይ፣ መንገዱ እስኪለቀቅለት ሲጠብቅ፣ አርባ ስምንት ዓመት ሞላው።

ሚስቱ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። የሥራ ጓደኞቿ “እንፋሎት” ይሏታል፤ የሚንተከተከው ካውያዋ ይሁን እሷ ከሩቅ አይለይም። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ከእጇ ይፈጥናል።

የተገናኙት በሱሪ ነው። እሱ አንድ ግራጫ ሱሪ ሰጥቷት ሄደ፤ እሷ እንደ ልማዷ እያወራች ተኮሰችው። በማግስቱ ሰውየው ሱሪውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተመለሰ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት። ይህ ሱሪ በእያንዳንዱ እግሩ ላይ ሁለት ሁለት መስመር አለው።”

“አንዱ ምርቃት ነው!” አለችው ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ሰውየው ሱሪውን ገልጦ መስመሮቹን እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ በብርድ ጠዋት እንደሚነሳ መኪና ነበር፤ አንዴ ሳል አለ፣ ሁለቴ ሳል አለ፣ በሦስተኛው ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ግን ላውንደሪውን አናወጠው። እንፋሎት ያን ሳቅ ወደደችው። እሱም ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሱሪ እያመጣ ይመላለስ ጀመር፤ ምንም ጭምድድ ያላለ ሱሪ፣ እቤቱ ራሱ ተኩሶ ያመጣው ሱሪ።

በሰባተኛው ወር አንድ ቀን ሱሪውን ከተቀበለ በኋላ አልሄደም። ጉሮሮውን ጠረገ። እሷን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ እንደገና እሷን አየ።

“እኔ እኮ እርስዎን…” አለ።

“‘ላግባዎት’ ሊሉኝ ከሆነ እሺ ብያለሁ!” አለችው። “ሌላ ነገር ከሆነ ግን ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው።”

ሰውየው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ተሰልፎ የነበረው ሰው አጨበጨበ። ያን ቀን የአንድ ደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ ወጥቶበት ተቃጠለ፤ እንፋሎትም “ፍቅር ያቃጠለው ሸሚዝ” እያለች ለወራት አወራችለት።

ትዳሩ እንደ ወሬው አልቀለለም። እሱ ጫማውን አልጋ ሥር የሚያስገባው በኋላ ማርሽ ነው፤ የጫማው አፍንጫ ወደ በሩ ካልዞረ እንቅልፍ አይወስደውም። ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ያያል። ከአልጋ ለመነሳት ራሱ ትከሻውን ዞር አድርጎ ኋላውን ይቃኛል። እሷ ጨው በስኳር ጣሳ፣ ስኳር በሻይ ጣሳ አድርጋ “እኔ አውቀዋለሁ” የምትል ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ ነው የምትወረውረው፤ አንዱ ከደረሰ ሌላው ይከተላል።

ከሁሉ የባሰው ግን ንግግሩ ነበር። እሱ አንድ ቃል ተናግሮ ሁለተኛውን እስኪያመጣ ሻይ ይፈላል። እሷ ያን ያህል መጠበቅ አልፈጠረባትም። ስለዚህ ትጨርስለታለች። “እኔ እኮ…” ካለ፣ “ደክሞኛል ልትለኝ ነው፣ ተኛ።” “ነገ…” ካለ፣ “እናትህ ጋ እንሄዳለን፣ እሺ።” አንዳንዴ ይገጥምላታል፣ አንዳንዴ አይገጥምም። ባይገጥምም እሱ ሌላ ለመጀመር ጊዜ ስለሚፈጅበት እሷ ባለችው ይስማማል። አንድ እሑድ እናቱ ጋ ሄደው በሩ ተቆልፎ አገኙት፤ ለካ “ነገ እናቴ ከተማ ውስጥ የለችም” ሊል ነበር። እንፋሎት ግን ይህን ሁሉ እንደ ውለታ ነበር የምትቆጥረው። ከተጋቡ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ አንድ ሐሳብ ጀምሮ የጨረሰበት ቀን አልነበረም።

እንዲህ እንዳሉ የላውንደሪው ባለቤት ልብስ የምታደርስ መኪና ልትገዛ መሆኗን ተናገረች።

“መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልገኛል። ከእናንተ ውስጥ በአራት ወር ውስጥ የሚያወጣ ካለ ሥራው የእሱ ነው። ካልሆነ ከውጭ እቀጥራለሁ፤ ኋላ እንዳታማርሩኝ።”

እንፋሎት ካውያዋን አስቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት ቆማ ነው የሠራችው። ከሥራ ስትወጣ ቁርጭምጭሚቷ ከጫማዋ አፍ ላይ እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል። ሐኪም “ተቀምጠሽ የምትሠሪው ሥራ ፈልጊ” ካላት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ተቀምጦ የሚተኮስበት አገር የት እንዳለ ግን አልነገራትም። አሁን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ ያውም ባለ መስኮት፣ እደጇ ድረስ መጣላት።

“እኔ አለሁ!” አለች። “ባሌ አስተማሪ ነው!”

ባሏ ሲሰማ ማንኪያው እጁ ላይ ቆመ።

“ሌላ አስተማሪ… ልፈልግልሽ።”

“ለምን? አንተ ምን ሆነህ?”

“ባል ሚስቱን… ማስተማር የሌለበት… ለምን መሰለሽ…”

“ስለምትሰለቸው ነው! ዓመት ሳይሞላን ሰለቸሁህ በለኛ!”

ከዚያ በኋላ ሌላ አስተማሪ የሚባል ነገር አልተነሳም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እንዲህ ተጀመረ።

“መቀመጫዎን ያስተካክሉ። ቀበቶዎን ይሰሩ።”

እንፋሎት ዞር ብላ የኋላ ወንበሩን አየች። “ከማን ጋር ነው የምታወራው?”

“መኪና ውስጥ ተማሪ ሁሉ እኩል ነው፣ እመቤት።”

“ትናንት ጀርባዬን እከኪልኝ ያልከኝ አንተ አይደለህም?”

“እስፖኪዮዎን ይዩ።”

ትምህርቱ ሲገፋ ግን እንፋሎት ራሷን አደነቀች። መሪ ስትይዝ ለመሪ የተፈጠረች ናት። ማርሹ በእጇ ላይ ቅቤ ነው። ከሁሉ የገረማት ማቆሙ ነበር። መብራት ጋ ስትደርስ ላቁም ብላ እግሯን ገና አነሳ ስታደርግ መኪናዋ ቆማለች። መታጠፊያ ላይ ልቀንስ ብላ ስታስብ ቀንሳለች።

“ይህቺ መኪና ልቤን ታውቃለች” ትላለች በየቀኑ። “እግሬ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። መርገጤ ራሱ አይታወቀኝም!”

“እኔ እኮ ፍሬኑን…” ይላል ጋሽ ቀስ፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ።

“በደንብ ያዝሽ ልትለኝ ነው። አመሰግናለሁ።”

ላውንደሪ ውስጥም ደረቷን ነፍታ ታወራለች። “ያቺ የአስተማሪ ፍሬን የምትባለው ለሰነፍ ተማሪ የተሠራች ናት። በዘጠኝ ሳምንት ባሌ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልነካትም። አንድ ቀን!”

ፈተናው የሚሰጠው በሽቦ የታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። መኪናዋ የፈተና መኪና ናት፤ አንድ ፍሬን ብቻ ነው ያላት። ፈታኙ ፊቱ የተቋጠረ፣ ወረቀቱን በጣውላ ላይ ቆንጥጦ የያዘ ሰው ነው። እንፋሎት እየተፍለቀለቀች ገባች፣ አስነሳች፣ ዞረች፣ አማረባት።

“ከነጩ መስመር ላይ ያቁሙ” አለ ፈታኙ።

እንፋሎት እንደለመደችው ላቁም ብላ አሰበች። መኪናዋ ሐሳቧን አልሰማችም። መስመሩን አለፈች፣ ሦስት የተተከሉ እንጨቶችን አጋደመች፣ ጥበቃው ሻይ ሊያመጣ ተነስቶ የተወውን ወንበር ይዛ ሄደች። ፈታኙ የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ ነው ያዳናቸው።

“ይህቺ መኪና ሰው አታውቅም!” አለች እንፋሎት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያያት ወንበሩን ተሸክሞ ገለል አለ። በዚህኛው ፈተና እንጨቶቹን ተወቻቸውና አጥሩን ያዘች።

“ፍሬን!” ብሎ ጮኸ ፈታኙ።

“ይዣለሁ!” ብላ ጮኸች።

እግሯ ግን አየር ላይ ነበር። ፈታኙ ወርዶ፣ አጥሩን አይቶ፣ ላቡን ጠርጎ ተመለሰ።

“እመቤት፣ አይቀየሙኝ። መሪዎ ጥሩ ነው፤ ማርሽዎ ጥሩ ነው። ፍሬን የምትባል ነገር ግን ይህ እግርዎ በሕይወቱ ረግጦ አያውቅም። ማነው ያስተማረዎት?”

እንፋሎት ደሟ ፈላ። ዘጠኝ ሳምንት፣ በየቀኑ፣ መብራቱን ሁሉ፣ መታጠፊያውን ሁሉ ማን አቆመው ታዲያ?

መልሱን ያገኘችው ውጭ ከጠበቃት ባሏ ጋር በማስተማሪያዋ መኪና ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። እንዳትናደድ ብሎ ባሏ መሪውን ሰጣት። እሷም መብራቱ ጋ ስትደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ትታ የባሏን እግር አየች። ያቺ ቀኝ ጫማ፣ ሶሏ እንደ ወረቀት የሳሳች ጫማ፣ እንደ ድመት ድምፅ ሳታሰማ ወረደችና ፍሬኗ ላይ ተኛች። መኪናዋ ቆመች።

“ያ ምንድን ነው?”

“ፍሬን።”

“ስንት ጊዜ ረግጠሃታል?”

ጋሽ ቀስ ውሸት አያውቅም። “ሁልጊዜ” አለ።

“አቁም! ማለቴ ላቁም! ማለቴ… ውረድ! ቦታ ቀይረኝ!”

ቦታ ተቀያየሩ። ጋሽ ቀስ ሚስቱ እየጮኸችበት ፍሬቻ አበራ፣ እስፖኪዮ አየ፣ ጥጉን ያዘ፣ ማርሹን ነቀለ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፣ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ “አሁን ተጣዪኝ” በሚል ዓይን ወደ እሷ ዞረ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳበዳት።

“ሰው ሁሉ ፊት ስኩራራ ዝም ብለህ ታየኛለህ? አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩበት እግሬ ሊያርፍ ነው ብዬ ተስፋ ሳደርግ፣ አንተ ከሥር ከሥር ስትይዘኝ ከረምክ? አላምናትም አትልም? ትሰብረዋለች፣ ትጥለዋለች፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ! ሾርባ ስይዝ ፍሬን፣ መጋረጃ ስሰቅል ፍሬን! እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ ቁልቁለት?”

“እኔ እኮ…”

“ለደህንነትሽ ብዬ ነው ልትል ነው! አልሰማም!”

በማግስቱ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ፣ የቤት ካውያዋን በብብቷ ይዛ ታላቅ እህቷ ዘንድ ገባች።

ታላቅ እህቷ አዋላጅ ናት። ግማሽ ከተማውን በእጇ ያወጣች፣ ሰው ሲጮህ የማትደነግጥ፣ ራሷ ስትጮህ ግን ሁሉ የሚደነግጥላት ሴት ናት። እንፋሎት ስታለቅስ፣ ስትራገም፣ ስታለቅስ ሁለት ቀን አዳመጠቻት። በሦስተኛው ሰለቻት።

“እሺ፣ እሱ ፍሬን ረገጠብሽ። ለምን አልነገረሽም?”

“እኔ ምን አውቄ እትዬ? አፍ አለው እንዴ እሱ?”

“እሱን ነው የምጠይቅሽ። እኔ የእህቴን ባል ድምፅ አላውቀውም። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ዲዳ መስሎኝ፣ ስናገር በእጄ ነበር የማሳየው።”

እንፋሎት ልትመልስ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቀስ ነው። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። በእጁ የረሳቻቸውን የቤት ነጠላ ጫማዎች ይዟል። ጎንበስ ብሎ በሩ ጥግ አስቀመጣቸው፤ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙሮ።

“እኔ እኮ…” አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

“ይቅርታ አድርጊልኝ ልት—”

የአዋላጇ መዳፍ እንፋሎት አፍ ላይ አረፈ። ሰፊ መዳፍ ነው።

“ዝም በይ! አትጎትቺው! በራሱ ሰዓት ይውጣ!” ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። “ተቀመጥ። አየር ሳብ አድርግ። አይዞህ፣ ቀስ ብለህ።”

“እኔ እኮ…” አለ ጋሽ ቀስ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። “ሌላው ተማሪ… እንጨት ሲገጭ… አየዋለሁ።”

“ጎበዝ! እየመጣ ነው!”

“ሲገጭ ነው… የሚማረው። አንቺ ግን… ከጎኔ ስትቀመጪ… እግሬ አይታዘዘኝም። አንቺ መሆንሽን ያውቅና… ቀድሞኝ ይረግጣል።”

“ግፋ! ሊያልቅ ነው!”

“ባል ሚስቱን… ማስተማር የሌለበት… ለዚህ ነው… ልልሽ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት… ፍሬኑን እኔ ነኝ የምይዘው… ልልሽ ስል… እየቀደምሽ… ጨረስሽብኝ።”

“ተገላገለ!” አለች አዋላጇ፣ መዳፏን አንስታ። ለእሱ ውሃ ቀዳችለት።

እንፋሎት ዝም አለች። የሥራ ጓደኞቿ ቢያዩ ሐኪም ይጠሩ ነበር። ዘጠኙን ሳምንት፣ የጋብቻ ጥያቄውን፣ የእናቱን የተቆለፈ በር በልቧ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንድ ቀን እንኳ ሰውየውን የጀመረውን ንግግር አላስጨረሰችውም።

“ስለዚህ እኔም ስረግጥብህ ነው የከረምኩት” አለች በመጨረሻ።

ጋሽ ቀስ ውሃውን ጠጣ። “አዎ” አለ። በጣም ቶሎ ነው ያለው፤ እህትማማቾቹ ተያዩ።

ለመጨረሻው ፈተና ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር። ከዚያ ካለፈ የላውንደሪው ባለቤት ቃሏ ያበቃል፤ ከውጭ የሚቀጠረውን ሰው ስሙን ሳይቀር ይዛዋለች። ባልና ሚስቱ እዚያው አዋላጇ ፊት ተስማሙ። እሱ እግሩን ከፍሬኗ ያርቃል፤ እሷ አፏን ከንግግሩ ታርቃለች። ሁለቱም ራሳቸውን ስለማያምኑ ማሰሪያ አበጁ።

የማሰልጠኛዋ መኪና ከተዘጋ መጋዘን ጀርባ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመች። ጋሽ ቀስ ጫማውን አወለቀ፣ እግሮቹን ወንበሩ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ጫማዎቹን ደረቱ ላይ አቀፈ። እንፋሎት ከላውንደሪው ያመጣችውን የልብስ መቆንጠጫ ጥርሷ መካከል ነከሰች። ከፊታቸው ባዶ ካርቶን እንደ ግንብ ተከምሯል።

“ካርቶኑ ጋ ሳይደርሱ ያቆማሉ” አለ።

ነዳች። ላቁም ብላ አሰበች። ካርቶኑ ሰማይ ላይ ወጣ። የጋሽ ቀስ የታጠፉት የእግር ጣቶች እንደ ዓሣ ተንፈራፈሩ፤ እግሩ ግን አልወረደም።

“ምምምም!” አለች እንፋሎት በመቆንጠጫው ውስጥ።

“ካርቶን አይሞትም” አለ ባሏ፣ ጫማዎቹን አጥብቆ አቅፎ። “እንደገና።”

በሁለተኛው ካርቶኑ ተበተነ። በሦስተኛው አንዱ ጣሪያቸው ላይ ተቀምጦ አብሯቸው ዞረ። በአራተኛው እግሯ ያቺን ዕድሜዋን ሙሉ ያልነካቻትን ነገር አገኘና ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠቻት። መኪናዋ ቀጥ አለች። የጋሽ ቀስ ግንባር መስታወቱን “ቋ” አደረገው።

ግንባሩን እያሻሸ ሳቀ። አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል፣ ከዚያ ያ የላውንደሪው ሳቅ።

“ይህቺ ፍሬን የራስሽ ናት” አላት።

መቆንጠጫው ከአፏ ወደቀ። “አንቺ አልከኝ! መኪና ውስጥ አንቺ አልከኝ!”

“መቆንጠጫሽን አንሺ።”

ከዚያ ወደ መንገድ ወጡ። ስድስት ቀን ሙሉ የከተማው ሰው መቆንጠጫ የነከሰች ሴት ስትነዳ፣ ከጎኗ አንድ ረጅም ሰውዬ በካልሲው ተጣጥፎ ጫማውን እንደ ጨቅላ ሲያባብል አየ። መብራት ላይ ከጎናቸው የቆመ ነጂ ሁሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሲስቅ፣ ጋሽ ቀስ በትሕትና ጫማውን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። እንፋሎትን የገረማት ሌላ ነገር ነው። ሰውየው አፉን የሚቀድመው ሲያጣ ወሬ ሞልቶታል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ! ክላክስ በነካ ቁጥር ወርዶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰውዬ ነበረ። መሪውን ትታ ጸጉሯን በሁለት እጇ የምታስተካክል ሙሽራ ነበረች። ሆድ ቀድዶ የሚሰፋ ሐኪም ወደኋላ ሲነዳ ራሱን ስቶ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ሆኖም ከጠበቁት ጫፉ ላይ ሁልጊዜ የሚያስቅ ነገር አለ። እንፋሎት እየሳቀች ሁለት መቆንጠጫ ሰበረች።

የፈተናው ቀን ጋሽ ቀስ ከሽቦው አጥር ውጭ ቆመ። ጥበቃው ወንበሩን ይዞ ከዛፍ ጀርባ ገባ። ፈታኙ ገና ሲቀመጥ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አኖረ። እንፋሎት መቆንጠጫውን አንገትጌዋ ላይ ሰካችና አስነሳች።

ነጩ መስመር ላይ ስትደርስ አላሰበችም። ረገጠች። መኪናዋ እንደ ታዘዘች ልጅ ቆመች። ዳገቱን ወጣች፣ ቆመች፣ ተነሳች። በመጨረሻው መዞሪያ ላይ አንድ ውሻ ከየት መጣ ሳይባል ከፊቷ ገባ። እንፋሎት ረገጠች። የፈታኙ ወረቀት ከነጣውላው እግሩ ሥር ወደቀ። ውሻው ቆሞ አያትና እየተንጎራደደ አለፈ። እሷም ቀና ስትል በሽቦው ማዶ ባሏን አየችው፤ ሽቦውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ቀኝ እግሩን መሬት ውስጥ ሊቀብር ምንም አልቀረው።

ፈታኙ ወረቀቱን አንስቶ ጻፈ፣ ፈረመ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ዛፉ ጮኸ፦

“ና ውጣ! ወንበርህን አምጣና ተቀመጥ! አልፈዋል!”

ወጥታ ወደ ባሏ ሮጠች። ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ራሷን ገታች። መቆንጠጫዋን ጨብጣ ጠበቀች።

“ውሻው ሲገባ…” አለ። “አብሬሽ ረገጥኩ።” የቀኝ ጫማውን አነሳ። ሶሏ ለሁለት ተከፍላለች።

ዓመት በሞላቸው ሳምንት የላውንደሪው መኪና ቀለሙ ተቀብቶ ወጣ። በመጀመሪያው ጠዋት እንፋሎት ከኋላዋ የታጠበ ልብስ ተሰቅሎ፣ እግሯ አርፎ፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ባሏን ወደ ሥራው ልታደርስ ጫነችው። ይህቺ መኪና ሁለተኛ ፍሬን የላትም። ጋሽ ቀስ አዲስ ጫማውን አላወለቀም፤ ግን ቁርጭምጭሚቶቹን አቆላልፎ ያዛቸው።

“ያን ቀን…” አለ፣ ሁለት መንገድ ካለፉ በኋላ። “ላውንደሪው ውስጥ… ‘እኔ እኮ እርስዎን’ ብዬሽ…”

እንፋሎት መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ያን ነገር ከጨረሰችለት ዓመት አልፎታል። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ቆመች። አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳች። ሌላ መብራት መጣ፣ እሱም አለፈ። ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።

“ልልሽ የነበረው…” አለ ጋሽ ቀስ፣ “‘እኔ እኮ እርስዎን ላስታውስዎት፣ ካውያው ሸሚዙ ላይ ቀርቷል’ ነበር።”

እንፋሎት እስፖኪዮ አየች። ፍሬቻ አበራች። ጥጉን ያዘች፣ ማርሹን ነቀለች፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተተች፣ ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ እሱ ዞረች።

“እና ዓመት ሙሉ ዝም አልክ?”

“ሰባት ወር ሱሪ ሳመላልስ… የምፈልጋት ቃል… አንቺ ያልሻት ነበረች። አንቺ ስትያት… ምን ልጨምር?”

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም። ሳቁ መኪናዋን አናወጣት፤ ከኋላ የተሰቀሉት ሸሚዞች ሁሉ እጃቸውን እያወዛወዙ ጨፈሩ።

ልብሱ በመጀመሪያው ቀን ዘግይቶ ደረሰ። የላውንደሪው ባለቤት ወገቧን ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት።

“ምነው? መኪናዋ ተበላሸች?”

“ኧረ በጭራሽ” አለች እንፋሎት። “ፍሬኗ በደንብ ይይዛል።”